ዘጠነኛው ጥያቄ

ዘጠነኛውን ጥያቄ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ታካሚዎቹ አይደሉም፤ እኔ። በየማለዳው፣ ገና የመጀመሪያው ሰው ካርዱን ይዞ ሳይገባ፣ አርባ ቅጽ ከፊቴ እደረድርና በአርባውም ላይ ዘጠነኛው መስመር ጋ በሰማያዊ እስክሪብቶ ዜሮ እጽፋለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የምጠይቀው ስምንቱን ብቻ ነው። ይህን ማውራት አሁንም አንገቴን ያስደፋኛል፤ ልደብቀው ብዬ ግን አልጀመርኩም።

ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አሥራ ሁለቱን እዚሁ ጤና ጣቢያ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ሚዛን በሚያጣብቧት ክፍል ውስጥ። ሰዎች ወደ ሐኪም ከመግባታቸው በፊት እመዝናቸዋለሁ፣ ግፊትና ሙቀት እለካለሁ፣ ምን እንደሚያማቸው ጠይቄ እጽፋለሁ። ሰው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ አይቼ የቱ ጋ እንደሚያመው እናገራለሁ እያልኩ እፎክርም ነበር። ጉራዬን ነው። ሰው ሕመሙን መቼ በቀጥታ ይናገራል? ራሴን ይዞኛል ይላል። ልቤን ድው ድው ያደርገኛል፣ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ እጅና እግሬን ይነዝረኛል ይላል። ደም ይመረመራል፣ ሽንት ይመረመራል፣ ምንም አይገኝም። በወሩ ያው ሰው ያንኑ ይዞ ይመለሳል፤ እኛም ያንኑ ኪኒን ሰጥተን እንሸኘዋለን።

አዲሷ ዶክተር እስክትመጣ ድረስ እንዲህ ነበር። ሠላሳ ያልሞላት ቀጭን ልጅ ናት፤ ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ ዝም ብላ ትጽፋለች፣ ዝምታዋ ያናድደኝ ነበር። በመጣች በሳምንቷ ስብሰባ ጠራችንና፣ ራሴን ሆዴን እያሉ ከሚመላለሱት ብዙዎቹ የሚሠቃዩት በጭንቀትና በድባቴ ነው፣ ካልጠየቅናቸው ደግሞ አይነግሩንም አለች። ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ቅጽ አመጣች። ላለፉት ሁለት ሳምንታት እንዴት እንደነበሩ ይጠየቃሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ጭራሽ ከሌለ ዜሮ፣ በየቀኑ ከሆነ ሦስት ይጻፋል። ጥያቄዎቹንም በትልልቅ ፊደል አስጽፋ መጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈቻቸው፤ ሰዉ ተራውን ሲጠብቅ አንብቦ ያስብበት ብላ ነው። እኔ በልቤ ወይዘሪት ዘጠኝ የሚል ስም አወጣሁላት።

ስምንቱ አይከብዱም። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ድካም፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፤ ያው የሚጠየቅ ነገር ነው። ዘጠነኛው ግን፣ ብሞት ይሻለኛል ብለው ወይም ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ ይላል። ይህን አባቴን የሚያህል ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ ልጠይቅ? በመጀመሪያው ሳምንት ሞክሬ ነበር። ጉልበታቸውን ያመማቸው አንዲት ትልቅ ሴት ብድግ ብለው፣ ልታከም እንጂ እንድታሟርቺብኝ አልመጣሁም ብለው፣ ክንዳቸው ላይ ያሰርኩትን የግፊት መለኪያ ራሳቸው ፈትተው ጥለውልኝ ወጡ። ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። በዚያ ላይ፣ ያላሰበን ሰው ማሳሰብ ይሆናል የሚል ፍርሃት ነበረኝ። በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያውን አርባ ዜሮ ጻፍኩ።

በአራተኛው ወር ዶክተሯ ቅጾቹን ስትደምር ውላ እኔ ጋ መጣች። የሚመላለሰውን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥሬ እንኳ፣ ከስምንት መቶ ሰው በላይ ተጠይቆ ዘጠነኛው ላይ አንድም ሰው አላገኘሁም፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ደህና ከሆነ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን ብላ ፈገግ አለች። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሰዉ ጠንካራ ነው፣ ፈጣሪውንም ይፈራል አልኳት። ትንሽ አየችኝና እሺ ሲስተር ብላ ሄደች። ያን ለታ ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ ዋልኩ። ጥፋቴን ስለማውቀው ነው መሰለኝ።

ያ ረቡዕ የመጣው ከዚህ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊው ገቡ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ሱቃቸው ከጤና ጣቢያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ የተማሪውን ዩኒፎርም፣ የሙሽራውን ሱሪ፣ የእኛንም ጋውን የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። እጃቸው ወርቅ ነው፤ ቀጠሯቸው ግን ቀጠሮ አይባልም። ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ፣ አዝራር ብቻ ነው የቀረው፣ ማሽኗ አመል አወጣችብኝ። ልጄ ስትመረቅ እንድለብሰው የሰጠኋቸውን ቀሚስ ያስረከቡኝ ልጅቷ ተመርቃ ሥራ ከያዘች በኋላ ነው። እኒህ ሰው ለአርብ የቀጠሩኝን አዲስ ጋውን ረቡዕ ጠዋት በጋዜጣ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ሣቄ መጣ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?" አልኳቸው።

"ልጨርሰው ብዬ ነው" አሉ።

ጋውኑን እዚያው አጥልቄ ለበስኩት። ልክክ አለ። ምርቃቴን አወረድኩላቸው፤ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። ራሳቸው የሰፉት ሸሚዝ አንገቱ ላይ ሰፍቷቸዋል። አየሁ፤ ግን አላሰብኩበትም። ምን አመመዎት ስላቸው፣ ያው ጨጓራዬ ነው አሉ። በዚያ ዓመት ለጨጓራ ሲመጡ አሥረኛ ጊዜያቸው ነበር።

ወረፋው በሩን አልፎ ደረጃው ጋ ደርሷል። ሰማያዊው እስክሪብቶ ዜሮዎቹን ጽፌ እንደጨረስኩ አልቆብኝ ስለነበር ጥቁር አነሣሁና ስምንቱን ጥያቄ ስም እንደሚጠራ ሰው አወረድኩባቸው። እንቅልፍ የለም አሉኝ፤ ሌሊቱ ሳይጋመስ እነቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ጣራ ማየት ነው። ሥራው ድሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን የማሽኗን ፔዳል ስረግጥ እግሬ የሌላ ሰው እግር ይመስለኛል አሉ። ለሁሉም ቀስ ብለው ይመልሳሉ፤ እኔ ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት እያልኩ እጽፋለሁ። ስምንተኛውን እንደጨረስኩ ቅጹን ዘግቼ ካርዳቸው ውስጥ ከተትኩት።

ጋሼ ከወንበራቸው አልተነሡም። ካርዱን ያዩታል።

"አለቀ?" አሉኝ።

"አለቀ፣ ጋሼ። ይግቡ።"

"አለቀ" አሉ እንደገና፣ ለራሳቸው። ባርኔጣቸውን አንሥተው ገቡ።

በዚያው ቅጽበት አንዲት እናት ትኩሳት የሚያንዘፈዝፈው ሕፃን ታቅፋ እየጮኸች ደረሰች። ዶክተሯ የጋሼን ቅጽ ያየችው በጥድፊያ ነው። ድምሩ ከፍተኛ መሆኑን አየች፤ ዘጠነኛው ዜሮ መሆኑንም አየች። እንግዲያው ለዛሬ የሚያሠጋ ነገር የለም ብላ፣ በሰፊው እንድታነጋግራቸው ለሰኞ ቀጠሮ ጽፋ ሰጠቻቸውና ወደ ሕፃኑ ሮጠች። ጋሼ በእኔ በር በኩል አልፈው ሲወጡ እጃቸውን ወደ ባርኔጣቸው ከፍ አደረጉልኝ። እኔ የሌላ ሰው ክብደት እያነበብኩ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ጡረተኛዋ መምህርት ገቡ። በየወሩ ግፊት ሊለኩ ይመጣሉ፤ የእኛን ሁሉ ስሕተት ሳያርሙ አይወጡም። ክንዳቸውን አሥሬ ፓምፑን ስጨብጥ ወሬያቸውን ጀመሩ።

"ይሄ ልብስ ሰፊ ለየለት እንዴ? ሦስት ወር ያስቀመጠውን ጨርቄን፣ መቀስ ሳያስነካው፣ ትናንት ቤቴ ድረስ አምጥቶ መለሰልኝ። ሌላ ሰው ይስፋልሽ አለኝ። የኔን ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የመንገዱን ሰው ጨርቅ በሙሉ ነው እየዞረ ሲያድል የዋለው።"

ልስቅ ነበር። ፓምፑን የጨበጠ እጄ ቆመ። ጋውኑ ትዝ አለኝ። ከቀጠሮው ሁለት ቀን የቀደመው ጋውን። የሰው ዕቃ ሁሉ መልሶ፣ የጀመረውን ጨርሶ ቤቱን ባዶ የሚያደርግ፣ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ነው። ጋሼ የሚሄዱበት አገር የለም።

ቀና ስል በተከፈተው በር በኩል መጠበቂያ ክፍል አግዳሚው ላይ አንድ ትንሽ ነጭ ወረቀት አየሁ። ሄጄ አነሣሁት። የሰኞው ቀጠሮ ነው፣ የጋሼ የካርድ ቁጥር አለበት። አልወደቀባቸውም፤ ለሁለት ታጥፎ፣ ነፋስ እንዳይወስደው በአሮጌ አዝራር ተጭኖ ነው የተቀመጠው። ጥለውት ነው የሄዱት።

ካርዳቸውን ታክመው ከወጡት ሰዎች ካርድ ክምር ውስጥ ስፈልግ ሌላው ሁሉ መሬት ላይ ተበተነ። ቅጹን አወጣሁት። ስምንት ጥቁር ቁጥሮች፣ ከሥራቸው አንድ ሰማያዊ ዜሮ። እሳቸው ገና ከቤታቸው ሳይወጡ የተጻፈ ዜሮ። ስልካቸውን ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ጋሼ አልነበሩም። ዜሮው ነበር። ጥቁሩን እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር፤ ሰማያዊውን በላዩ ላይ አድምቄ ልጽፍበት፣ ከሌሎቹ ጋር እንዲመሳሰል። ጫፉ ወረቀቱን ነክቷል። የሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ፣ ስሜ፣ የዚያች ልጅ ዓይን ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። መምህርት ከኋላዬ፣ አንቺ ሴትዮ ልትለኪኝ ነው ወይስ ረሳሽኝ ባይሉ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። እስክሪብቶውን ወርውሬ ዶክተሯ ጋ ገባሁ።

ሕፃኑ ተረጋግቶ እናቱ እቅፍ ውስጥ ተኝቷል። ቅጹንና የቀጠሮውን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኑሬ፣ ጨርቁን፣ ጋውኑን፣ የተዘጋውን ስልክ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ከዚያ የቀረውን ተናገርኩ። ዘጠነኛውን አልጠየቅኳቸውም። ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ማለዳ ማለዳ ቀድሜ ነው የምሞላው።

"የሁሉንም?" አለችኝ።

"የሁሉንም።"

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ በተሻለኝ። ፊቷ አመድ መሰለ እንጂ ድምጿ አልተለወጠም። ከካርዱ ላይ የልጃቸውን ስልክ እየፈለገች፣ ልጃቸው ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፣ ደውዬ ወደ ቤታቸው አሯሩጣታለሁ፣ እርስዎ ወደ ሱቁ ይሂዱ አለችኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራችኝ።

"ሲያገኟቸው በቀጥታ ይጠይቋቸው። ዙሪያ ጥምጥም አይሂዱ።"

"ያላሰቡትን ባሳስባቸውስ?"

"ጥያቄ አያሳስብም፣ ሲስተር። ያሰበውን ሰው ግን ብቻውን እንዳልሆነ ያሳየዋል።"

ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ አውቶቡስ ቢያመልጠኝ እንኳ አልሮጥም። ያን ቀን ሮጥኩ። ጋውኔ እየተውለበለበ፣ ጫማዬ እየወለቀ፣ ሲሚንቶ በሚያራግፉ ሰዎች መሐል ተሹለክልኬ፣ መኪና እየጮኸብኝ ተሻገርኩ። ሲስተር ምን ሆንሽ የሚለኝ ብዙ ነው፤ ለማንም አልመለስኩም። በአፌ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አለቀ ጋሼ፣ አለቀ ጋሼ። ጠዋት ያልኳቸው ቃል ነው። አፌ ላይ ተጣብቆ አልወርድ አለ።

የሱቁ በር ዝግ ነው። ከውጭ ቁልፍ የለበትም፤ እንግዲህ ከውስጥ ነው የተዘጋው። መስኮቱ በጨርቅ ተጋርዷል። ከዚያ ሱቅ ሌላ ጊዜ ከሩቅ የሚሰማው የስፌት ማሽን ድምፅ የለም። ጎረቤታቸው ወጣቱ ፀጉር አስተካካይ የራሱ በር ላይ ቆሞ ፎጣ ያራግፋል፤ ከኋላው ሬዲዮ ያንባርቃል። ጋሼ ዛሬ ደግ ሆነዋል፣ ይኼን የሚወዱትን ሬዲዮ ያንተ ይሁን ብለው ሰጡኝ፣ ልተኛ ነው አትቀስቅሰኝ ብለው ዘግተው ገቡ አለኝ፣ ደስ ብሎት።

በሩን ደበደብኩ። "ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ሲስተር ነኝ።" ምንም የለም። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጠፍኩ፤ የምሰማው የራሴን ልብ ነው። እንደገና ደበደብኩ፣ እንደገና ጠራሁ። ፀጉር አስተካካዩ ነገሩ ሲገባው ፎጣው ከእጁ ወደቀ። በር የሚሰብር ነገር አምጣ አልኩት፤ ሮጦ ገባ፤ ሬዲዮው ጸጥ አለ።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ምናልባት ሠላሳ ዓመት በአንድ ሙያ የኖረ ሰው ምን ያስነሣዋል ብዬ ይሆናል። አፌን ወደ በሩ ቀዳዳ አስጠግቼ፣

"ጋሼ፣ ጋውኑ ተበላሽቷል" አልኩ። "አንዱ እጅጌ ካንዱ ይረዝማል።"

ልጁ ብረት ይዞ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በእጄ ቆይ አልኩት።

ከውስጥ፣ ከሩቅ የሚመጣ የመሰለ ድምፅ፣

"ውሸት ነው" አለ።

መቃኑን ያዝኩ። እንባዬ ፊቴን ሲያርሰው ተሰማኝ፤ ድምፄን ግን አላለዘብኩም። ውሸት አይደለም፣ ሰው ሁሉ እየሣቀብኝ ነው አልኳቸው።

"ለክቼዋለሁ። ሁለቴ ለክቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ይምጡና ይዩት። ነገ ይኼን ለብሼ ስሄድ የሚነሣው የእርስዎ ስም ነው።"

ብዙ ጊዜ ያለፈ መሰለኝ። ከዚያ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ መቀርቀሪያው ተሳበ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። ወደ ፊቴ አላዩም፤ ወደ እጅጌዬ ነው ያዩት። ልጁን ሳላይ በእጄ አባርሬ ገባሁ።

በጨርቅ ታጭቆ ግድግዳው የማይታየው ያ ሱቅ ባዶ ነው። መደርደሪያው ተወልውሏል። ማሽኗ ነጭ ጨርቅ ለብሳለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ፣ መቀሱ ተጭኖበታል። ሌላም ያየሁት ነገር አለ፤ እሱን አልናገርም። ከጋሼ ዓይን ፊት ወስጄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፤ እሳቸውም አልከለከሉኝም።

ቀኝ እጅጌዬን ለኩ። ግራውን ለኩ።

"እኩል ነው" አሉ።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ።"

ያኔ ቀና ብለው አዩኝ። ሺህ ጊዜ ደም የቀዳሁ፣ አዋላጅ ስትዘገይ ልጅ የተቀበልኩ ሴት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር የበሩን እጀታ ይዤ ነው የቆምኩት።

"ጠዋት አንድ ጥያቄ ዘልዬብዎታለሁ" አልኩ። "ብሞት ይሻለኛል ብለው ያስባሉ? ራስዎን ሊጎዱ አስበዋል?"

ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ሜትሩን ጣታቸው ላይ እስከ ጫፉ ጠቀለሉት።

"አዎ" አሉ።

ሌላ ወንበር ስላልነበረ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ግድግዳው ላይ አለ እኮ" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። "ተራ ስጠብቅ የማነበው ሌላ ነገር የለም፤ ዘጠኙንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ወረቀቱ ከተለጠፈ ወዲህ አራት ጊዜ መጣሁ። አራት ጊዜም ስምንት ላይ አቆምሽ። ዛሬ ከቤት ስወጣ፣ ከጠየቀችኝ እነግራታለሁ አልኩ። ካልጠየቀችኝ ደግሞ..." የቀረውን አልጨረሱትም።

"ራስዎ ለምን አልነገሩኝም?"

"ከየት ይጀመራል? ጨጓራዬ ነው ብዬ ነው እኮ የገባሁት።"

ዜሮውን የጻፍኩት እርስዎ ከቤትዎ ሳይወጡ ነው፣ ለሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የማደርገው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አውቃለሁ። ቀለሙ ሌላ ነበር" አሉ። "ቀለም መለየት ሥራዬ አይደል።"

እዚያ ምን ያህል እንደተቀመጥን እንጃ። አንድ ትልቅ ዱብ ዕዳ አልነገሩኝም። ሌሊቱ እንደማይነጋላቸው፣ ደረታቸው ላይ ድንጋይ የተጫነ እንደሚመስላቸው፣ ሰው ሲመጣ እንደሚስቁና ሰው ሲሄድ ፊታቸው እንደሚደክማቸው፣ ለልጃቸው ሸክም እሆንባታለሁ ብለው እንደሚሰጉ ነገሩኝ። እኔ አይዞዎት፣ ያልፋል፣ ጠንከር ይበሉ ማለት በጣም እወድ ነበር፤ ለሁሉም የማዝዘው መድኃኒቴ ነበር። ያን ቀን ምላሴን ዋጥ አድርጌ ሰማኋቸው። ለዶክተሯ አግኝቻቸዋለሁ፣ ይዣቸው እመጣለሁ ብዬ ደወልኩ። ከኔ ጋር ይሄዳሉ ወይ ስላቸው መቀሱን ከወረቀቱ ላይ አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ፤ ወረቀቱን ለኔ ሰጡኝ።

ስንወጣ ፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮውን አቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። ጋሼ ይኼ ነገር እኔ ሱቅ ውስጥ ጣቢያ አልይዝ አለ፣ ለእርስዎ ነው የሚታዘዘው አላቸውና ጠረጴዛቸው ላይ መልሶ አስቀመጠው። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ጋሼ ትከሻውን ነካ አደረጉት።

ልጃቸው ቤት ሄዳ ስታጣቸው ወደ ጤና ጣቢያው ሮጣ በር ላይ ትጠብቀን ነበር። እስከ ክርኗ ድረስ ዱቄት ነው። አባባ ብላ አንገታቸው ላይ ስትጠመጠም ጥቁሩ ኮታቸው ነጭ ሆነ፤ እሳቸው፣ ኧረ ልብሱን፣ አሉ። ዶክተሯ ሁለቱን አስገብታ በሩን ዘጋች፤ ወረፋው ይጠብቅ አለች። ኪሴ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስረከብኳት። ስለ እኔ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የስምንት መቶውን ሰው ካርድ ነገ ጠዋት አብረን እናወጣለን፣ አንድ በአንድ እንደውላለን።

ስምንት መቶ ሰው። ፊታቸውን አውቃለሁ ብዬ የምፎክርባቸው ሰዎች። ግድግዳው ላይ ዘጠኙን ያነበበው፣ ስምንት ላይ ሳቆም አለቀ እንዴ ብሎ በልቡ የወጣው ስንቱ ይሆን? ግድግዳውን ተደግፌ ትንሽ ቆምኩና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ጡረተኛዋ መምህርት ወንበሩ ላይ እንዳሉ አሉ፤ የግፊት መለኪያው ክንዳቸው ላይ ነው። እንዳሠርኳቸው ረስቻቸው ነው የሮጥኩት። ቢፈልጉ ራሳቸው በፈቱት፤ ግን እሳቸው ናቸዋ። የጀመሩት ሥራ ይጨረሳል እንጂ ተጥሎ አይኬድም፣ እኔ ተማሪ ሳስተምር ብለው አንድ ምዕራፍ አወረዱብኝ። ይገባኛል አልኩ። ግፊታቸውን ለካሁ፤ ከፍ ብሏል፤ የማን ጥፋት ሆነና አሉኝ።

ቅጻቸውን ሳብኩ። ዘጠነኛው መስመር ላይ ሰማያዊው ዜሮ ተቀምጧል። በጥቁሩ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ከዚያ ከአንደኛው ጀመርኩ፣ ቀስ ብዬ። መምህርት እንደ ፈተና ወረቀት ፈጥነው ይመልሳሉ፤ የለም፣ የለም፣ አልፎ አልፎ፣ የለም፣ ቀጥዪ። ስምንተኛው ላይ ቦርሳቸውን አንገታቸው ላይ አነገቱ፤ ሊነሡ ነው።

"አንድ ይቀራል፣ እትዬ" አልኳቸውና ዘጠነኛውን ጠየቅኳቸው፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር።

ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፈቱ። ቁጣው አልመጣም። ወደ ዶክተሯ ዝግ በር አዩ፤ ቀጥሎ ጉልበታቸው ላይ ያሉትን እጆቻቸውን አዩ። ቦርሳቸውን ከአንገታቸው መልሰው አወረዱት።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ ተነሥቼ በሩን ዘጋሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ።